በቴሌግራም የመጣው መጽሐፍ የማን ነው?

ወጣቶች ሆይ፣ ስልካችሁን ክፈቱና በቴሌግራም የተቀባበላችኋቸውን የመጽሐፍ ፒዲኤፎች ቁጠሩ። ደራሲው ወይም አሳታሚው «ውሰዱ» ያላችሁ ስንቱን ነው? አንድ ሰው መጽሐፍ ገዝቶ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ለሺህ ሰው ሲለቅቀው «ተባረክ» እንለዋለን። ትክክለኛ ስሙ ግን ስርቆት ነው።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «ያለነው ሰላ ድንጋይ ነው፤ የምንፈልገውን መጽሐፍ ለማግኘት ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ መሄድ አለብን» ትላላችሁ። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን ፒዲኤፉን ያወረዳችሁበት ያው ስልክ መጽሐፍ መግዣም ይሆናል። የአማርኛ መጻሕፍትን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡ መተግበሪያዎች አሉ። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር ስላለ፣ ገንዘብ ለመላክ ባንክ ደጃፍ መሰለፍ ቀርቷል። የተገዛው መጽሐፍ ወደ ስልካችሁ ወይም ወደ ታብሌታችሁ ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። በኢፐብ የተዘጋጀ ከሆነ ፊደሉ እንደ ስልኩ ስፋት ይደረደራል። ፎቶ የተነሣው ገጽ ግን ዓይን ያደክማል፤ የስልክ ቦታም ይበላል።

«ቃሉ በነፃ ነው» የሚል ደግሞ አይጠፋም። እስቲ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እንይ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ተረጎመ። 9,539 ገጽ የሚሆነው የእጅ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1820 በ1,250 ፓውንድ ተገዛ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ የወጣው በ1840 ነው። ለአባቶቻችን በነፃ የደረሰው ሌላ ሰው ስለ ከፈለ ነው። ዛሬም መጽሐፍ ቅዱስን በነፃ በስልካችሁ የምታነቡት የትርጉሙ ባለመብቶች ስለ ፈቀዱ ነው። ባለቤቱ የሰጠው ስጦታ ነው፤ ባለቤቱ ሳይሰጥ የተወሰደው ግን ሌላ ነው። ጌታ በሉቃስ 10:7 ስለ ሠራተኛና ስለ ደመወዙ የተናገረውን በሰንበት ትምህርት ቤት ተምራችኋል፤ ደራሲ ሠራተኛ አይደለምን?

የአገሩም ሕግ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትንና የማሰራጨትን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል።

ወቀሳው ግን ለእናንተ ብቻ አይደለም። መጽሐፉን በወረቀት ብቻ አሳትሞ በከተማ መደብር ብቻ የሚሸጥ አሳታሚም ይጠየቃል። በገጠር ከተማ ያለውን አንባቢ ረስቶ «ሰረቁኝ» ብሎ ማልቀስ አይበቃም። የቤተ ክርስቲያን አሳታሚዎቻችን ሥራቸውን በዲጂታል ያዘጋጁ፤ ዋጋውንም የተማሪን ኪስ አይተው ይተምኑ። የወረቀትና የማጓጓዣ ወጪ ከሌለበት ቅጂ ላይ የወረቀቱን ያህል መጠየቅ አይገባም።

እስከዚያው ምን ታደርጋላችሁ? የኅብረታችሁን የጥናት መጽሐፍ ፈቃድ ከሌለው ፒዲኤፍ አታጥኑ። በዲጂታል የሚሸጥ ከሆነ የቻለ ይግዛ፤ ላልቻለውም ኅብረቱ አዋጥቶ ይግዛለት። በዲጂታል ከሌለ አንድ የታተመ ቅጂ አስመጥታችሁ በየተራ አንብቡት፤ መዋዋስ ስርቆት አይደለም። ደራሲውንም «በስልክ የሚነበበውን መቼ ትሸጥልናለህ?» ብላችሁ ጻፉለት። ለሽያጭ የሚጠይቅ አንባቢ ሲበዛ የሚሸጥም ይመጣል፤ የሚሰርቅ አንባቢ ሲበዛ ግን የሚጽፍልን ይጠፋል።