የወሰን ጥያቄ ከነዋሪው ይጀምር

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ይህ አባባል እጅግ የሚያስፈልገው ሕዝብ የአስተዳደር ወሰኑ እንዲለወጥለት በሚጠይቅበት ጊዜ ነው። አንድ ቀበሌ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚለወጠው በካርታ ላይ ያለው መስመር ብቻ አይደለም። ገበሬው የመሬት ግብር የሚከፍልበት፥ የተበደለ ሰው ክስ የሚያቀርብበት፥ ትምህርት ቤታችሁ በጀት የሚጠይቅበት ጽሕፈት ቤት ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ለዚህም ቦምቤን ተመልከቱ። ዛሬ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አካባቢው ግን ቀድሞ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ ሥር ይተዳደር ነበር።

እንግዲህ ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ለውጥ ቢሹ መንገዱ ምንድን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ለማንኛውም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። አንድ ሕዝብ የራሱን ክልል ማቋቋም ሲፈልግ፥ በአንቀጽ 47 መሠረት ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተደግፎ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ ክልሉም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። ሁለት ክልሎች በወሰን ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ፥ በአንቀጽ 48 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል።

ሕጉ ይህን ቢልም አፈጻጸሙ ሁልጊዜ ቀና አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ሳለ፥ የተለያዩ ቋንቋዎችን አቀላቅሎ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ነው። አስቀድሞ ሕዝቡን መጠየቅ ምን ያህል ጥፋት ባስቀረ ነበር!

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት ወላይታ በክልልነት እንዲደራጅ በሙሉ ድምፅ ጠየቀ። ዓመቱ ግን ያለ ሕዝበ ውሳኔ አለፈ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ የቀረበው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድነት ክልል ይመሥርቱ ወይስ አይመሥርቱ የሚል። በወላይታ ጉድለት በመገኘቱ ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሰርዞ፥ ሰኔ 12 ቀን ድምፅ እንደገና ተሰጠ። ልብ በሉ፤ የተጠየቀውና በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሰፈረው አንድ አልነበረም። ጥያቄውን የሚጽፍ መልሱን ከግማሽ በላይ ይወስናል።

ስለዚህ የወሰን ጥያቄ ከነዋሪው ይጀምር፥ ለነዋሪውም ይመለስ እላለሁ። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በቅማንት ጉዳይ በስምንት ቀበሌዎች ድምፅ ሲሰጥ፥ የየቀበሌው ውጤት ለብቻው ታየ፤ ሰባቱ በነበሩበት ለመቆየት፥ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር ለመግባት መረጡ። ቀበሌው ለየብቻው ባይጠየቅ ኖሮ ይህ ልዩነት ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

«ወሰን በተለወጠ ቁጥር አዲስ ጽሕፈት ቤትና አዲስ ወጪ ይመጣል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ማመልከቻ የሚጠበቅበትን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ወጪውንም ጭምር መናገር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፥ በየመንደራችሁ «ጻፍልን፥ ጻፊልን» የምትባሉት እናንተ ናችሁ። ቀበሌው ከየት ወደ የት መዛወር እንደሚሻ፥ ምክንያቱንና ማስረጃውን በግልጽ ጻፉ። ማመልከቻው በአማርኛ ከተጻፈ፥ አማርኛ ለማይሰሙ እናቶችና አባቶች በወላይትኛ ሳይነበብላቸው አታስፈርሙ። ያልገባውን የፈረመ ሰው ድምፁን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ እንጂ አልጠየቀም።