ቤትዎን የሚገዛልዎ ኩባንያ የማን ወዳጅ ነው?

አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የዝውውር ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። አዲስ አበባ የነበረ ሰው በሚቀጥለው ወር ጎንደር ወይም ጅማ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ የመጓጓዣና የጓዝ ማንሻ ገንዘብ ቢሰጠው እንኳ ቤት መፈለጉ፥ ዕቃ ማስጫኑ፥ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባቱ የራሱ ጣጣ ነው። ደግነቱ ወጣቱ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ስለ ሆነ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቦ፥ ፍራሹን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል።

በአሜሪካ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ብዙ ደመወዝተኛ ከባንክ ተበድሮ ቤት ይገዛል፤ ዕዳውንም ብዙ ጊዜ በ30 ዓመት ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ሰው አሠሪው «ከዳላስ ተነሥተህ ሲያትል ግባ» ያለው እንደ ሆነ አንድ ቤት መሸጥና ሌላ ቤት መግዛት በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። በዳላስም በሲያትልም፥ በዋሽንግተንና በዴንቨር ዙሪያም ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ በየኩባንያው በመሐንዲስነትና በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥረው የሚሠሩም ጥቂቶች አይደሉም። የእነርሱ ወንድም ወይም እኅት ይህን መጽሔት ሳያነብ አይቀርም። ከማስተምራቸውም ልጆች መካከል ነገ እዚያ የሚገኝ አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ ዝውውር ኩባንያ እንነጋገር።

የዝውውር ኩባንያ፥ በእነርሱ አጠራር ሪሎኬሽን ኩባንያ፥ ትልልቅ አሠሪዎች ሠራተኛ ከከተማ ወደ ከተማ ሲያዛውሩ የቤቱን ሽያጭ፥ የቤቱን ግዢና የዕቃውን መጓጓዝ እንዲያከናውንላቸው በውል የሚቀጥሩት ድርጅት ነው። ልማዱ የቆየ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን እንደ ዳማ ጠጠር ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሱ ነበር። የአይ ቢ ኤም ሠራተኞች እንዲያውም የኩባንያቸው ስም ሦስት ፊደላት ትርጓሜ «አዛወሩኝ» ማለት ነው እያሉ ይቀልዱ እንደ ነበር ይነገራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የዚህ ሙያ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ኩባንያ የማን አገልጋይ ነው የሚለው ነው። ስልክ የምትደውልልዎ ሠራተኛ ትሑት ናት፤ ስለ ባለቤትዎ ሥራና ስለ ልጆችዎ ትምህርት ቤት ሳይቀር ትጠይቅዎታለች። ነገር ግን የድካሟን ዋጋ የሚከፍለው የእርስዎ አሠሪ ነው፤ የምትጠብቀውም የአሠሪውን ደንብና የአሠሪውን ወጪ ነው። ይህን ስል ኩባንያው ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ድካም ያቃልላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፍ ያለ ገንዘብ ያድናል። የእርስዎን ጥቅም እንዲጠብቅልዎ ማንም እንዳልቀጠረው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይወቁት።

የሽያጩን አሠራር በምሳሌ ብናየው ይሻላል። የማስተምረው ሒሳብ ነውና ቁጥር ስላበዛሁ አይቀየሙኝ።

እንበልና አንድ ወንድማችን በዳላስ ቤት አለው። አሠሪውም ቤቱን በዋስትና የማስገዛት ደንብ አለው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ኩባንያው ከሚያቀርብለት ዝርዝር ሁለት የቤት ዋጋ ገማቾች ይመርጣል። አንደኛው ቤቱን 400,000 ዶላር፥ ሁለተኛው 412,000 ዶላር ገመቱት። ልዩነቱ 3 ከመቶ ነው። በብዙዎቹ ደንብ ልዩነቱ ከ5 ከመቶ ካልበለጠ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል፤ ከበለጠ ሦስተኛ ገማች ይጠራል። እዚህ አማካዩ 406,000 ዶላር ነው። ኩባንያው ቤቱን በዚህ ዋጋ ለመግዛት ዋስትና ሰጠ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው አስቀድሞ ቤቱን ለተወሰነ ጊዜ፥ ብዙ ጊዜም 60 ቀን ያህል፥ ገበያ ላይ እንዲያቆየው ይታዘዛል። በዚህ መካከል አንድ የውጭ ሰው መጥቶ 415,000 ዶላር ልስጥ አለ እንበል። ይህ የምሥራች ነው። ኩባንያው የራሱን ዋጋ ወደ 415,000 ከፍ አድርጎ ቤቱን ከሠራተኛው ይገዛል፤ ከዚያም በኩባንያነቱ ለውጭው ሰው ይሸጣል።

የብዙ ሰው እግር የሚያዳልጠው ይህን ጊዜ ነው። ገዢው ሲመጣ ባለቤቱ በደስታ ብድግ ብሎ የገዢውን ውል ይፈርማል፤ ቀብዱንም ይቀበላል። በአገራችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ሽያጩን እንደ ጨረሰ ስለሚቆጠር ይህ ለእኛ ሰው ተፈጥሮው ነው። በዝውውር ኩባንያ ሽያጭ ግን ሠራተኛው በገዢው ወረቀት ላይ መፈረም የለበትም፤ ቀብድም መንካት የለበትም። ወረቀቱን ሳይፈርም ለኩባንያው ማስተላለፍ ብቻ ነው ያለበት።

ምክንያቱ ግብር ነው። የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት በ2005 ቁጥር 2005-74 የሚባል ውሳኔ አውጥቷል። የውሳኔው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ቤቱ ከነጥቅሙና ከነኃላፊነቱ በእውነት ወደ ኩባንያው የተዛወረ እንደ ሆነ ሽያጩ ሁለት ነው፤ የሠራተኛው ሽያጭ ለብቻ፥ የኩባንያው ሽያጭ ለብቻ። የሠራተኛው ሽያጭ በውጭው ገዢ መምጣትና መጨረስ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ግን ሽያጩ አንድ ብቻ ነው፤ ሻጩም ሠራተኛው ነው። ሽያጩ ሁለት ሲሆን የደላላው ኮሚሽን በሁለተኛው ሽያጭ ላይ የሚከፈል የኩባንያው ወጪ ይሆናል፤ ሠራተኛውን ግብር አይነካውም። ሽያጩ አንድ ሲሆን ኮሚሽኑ የሠራተኛው ዕዳ ነው፤ አሠሪው ቢከፍልለትም እንደ ደመወዝ ይቆጠርበታል።

ይህ በገንዘብ ስንት ነው? ኮሚሽኑ 5 ከመቶ ቢሆን የ415,000 ዶላር ኮሚሽን 20,750 ዶላር ይሆናል። እንዲህ ካለው ክፍያ ላይ አሠሪው እንደ ተለመደው ለፌዴራል መንግሥት 22 ከመቶ፥ ለጡረታ 6.2 ከመቶ፥ ለሕክምና መድን 1.45 ከመቶ ቢቀንስ ድምሩ 29.65 ከመቶ ነው። ስለዚህ ያች አንዲት የችኮላ ፊርማ ከ6,150 ዶላር በላይ ታስወጣለች። አንዳንድ አሠሪዎች ደግሞ እንዲህ የፈረመውን ሰው ጭራሽ ከደንቡ ያስወጡታል፤ ያን ጊዜ 20,750ውን በሙሉ ከኪሱ ይከፍላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሃል ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወሬው ሲሰማ ወዲያው የሚያውቁትን ደላላ ጠርቶ ቤቱን ለሽያጭ የማቅረብ ውል መፈረም የተለመደ ስሕተት ነው። ከደላላው ጋራ በሚደረገው ውል ውስጥ «ቤቱን የዝውውር ኩባንያው የገዛው እንደ ሆነ ለደላላው ኮሚሽን አይከፈልም፤ ውሉም ያበቃል» የሚል አንቀጽ መኖር አለበት። አንቀጹ ከሌለ ቤቱን ኩባንያው ሲገዛ ደላላው «እኔ ባቀረብሁት ጊዜ ተሸጠ» ብሎ ኮሚሽኑን ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ መጀመሪያ ለኩባንያው ይደውሉ፤ ደላላው ይድረስ።

እስካሁን የተናገርሁት ዋስትና ስላለው ደንብ ነው። ሌላ ዓይነት ደንብ አለ፤ ስሙም ከዋስትናው ጋራ ስለሚመሳሰል ሰውን ያሳስታል። በዚህኛው ኩባንያው ቤቱን የሚገዛው የውጭ ገዢ ከተገኘ በኋላ ብቻ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው የገዢው ዋጋ ነው። ገዢ ያልመጣ እንደ ሆነ ቤቱም ዕዳውም የሠራተኛው ነው። ሰውየው ሲያትል ገብቶ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ በዳላስ ለቆመው ባዶ ቤትም ለባንክ ይከፍላል። ስለዚህ የደንቡን ስም ከመጠየቅ ይልቅ «ገዢ ባይመጣስ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ፥ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይበልጣል። በ2008 የቤት ዋጋ በወደቀ ጊዜ የዚህ ጥያቄ መልስ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ ባለ ቤት በራሱ ላይ አይቶታል።

ስለ ዕቃ ማጓጓዣ ገንዘብ ደግሞ ጥቂት ልበል። እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው ደንበኛ የዕቃ ማጓጓዣ ወጪ ከግብር ነፃ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ይህ ነፃነት ለጊዜው ተነሣ፤ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ መነሣቱን ዘላቂ አደረገው። ከወታደሮችና ከጥቂት ሌሎች በቀር ሁሉም ይከፍላል። እንግዲህ «ለመዛወሪያ 10,000 ዶላር እንሰጥሃለን» የተባለ ሰው ከላይ በቈጠርነው ስሌት እጁ የሚገባው 7,035 ዶላር ነው፤ ክፍለ ሀገሩ የራሱን ግብር የሚጨምር እንደ ሆነም ከዚያ ያንሳል። አሠሪው ግብሩን ጨምሮ የሚከፍልበት ግሮስ አፕ የሚባል ደንብ አለ፤ 10,000 ሙሉውን እጅ እንዲገባ ወደ 14,214 ዶላር መክፈል ይኖርበታል። ደንቡ ለየትኛው ወጪ እንደሚሠራና ለየትኛው እንደማይሠራ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው ሳያነብ የሚፈርመው ወረቀት የመመለሻ ግዴታው ነው። በአገራችን በመንግሥት ገንዘብ ውጭ አገር ለትምህርት የሚላክ ሠራተኛ ተመልሶ ላገለግል ብሎ የሚፈርመውን ግዴታ ያስታውሱ፤ ይህም እንደዚያው ነው። ሠራተኛው ከተዛወረ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ እንደ ሆነ አሠሪው ያወጣውን ገንዘብ እንዲመልስ ይጠየቃል። ጥያቄው የሚመለሰው የትኛው ገንዘብ ነው የሚለው ነው። በእጁ የገባው ብቻ ነውን? ወይስ ለደላላ፥ ለጭነትና ለግብር የተከፈለው፥ በዓይኑ እንኳ ያላየው ሁሉ? በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ነው? አሠሪው ራሱ ቢያሰናብተውስ? አንድ ወጣት የተሻለ ሥራ ሲያገኝ እንደ ልቡ መሄድ አለመሄዱን የሚወስነው ይህ ወረቀት ነው። በበኩሌ ከቤቱ ዋጋ ይልቅ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ቤት ይሸጣል፥ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ሁለት ዓመት ታስሮ መቀመጡ ግን ቀላል አይደለም።

ወደ ግዢው እንሻገር። በዋሽንግተን አካባቢ የአበሻ ደላላ ሞልቷል፤ የአጎት ልጅ ወይም የማኅበር ጓደኛ ደላላ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ሰዉም ወደ አዲሱ ከተማ ሲመጣ ቅዳሜ ጠዋት ከዘመዱ ጋራ ቤት ሊያይ ይወጣል። የዝውውር ኩባንያው ግን የራሱ ደላሎች አሉት፤ ከእነርሱም የኮሚሽናቸውን ድርሻ፥ ብዙ ጊዜ ከሢሶው እስከ 40 ከመቶ ይወስዳል። ሰውየው ዘመዱን አስቀድሞ ይዞ የዞረ እንደ ሆነ ዘመዱ ያን ድርሻ መስጠት እንቢ ይላል፤ ደክሟልና አይፈረድበትም። ኩባንያው በበኩሉ የመጨረሻውን ፊርማ ወጪ ለመክፈል እንቢ ሊል ይችላል። በዘመዶች መካከል ቅያሜ የሚገባው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ለኩባንያው ተነግሮት ዘመድየው ድርሻውን ለመስጠት ከተስማማ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደግሞ ገዢ ከደላላ ጋራ ቤት ለማየት ከመውጣቱ በፊት የደላላውን ዋጋ የሚገልጽ ውል መፈረም የብዙው ገበያ ደንብ ሆኗል። ያን ዋጋ አሠሪው ይከፍል እንደ ሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

የሚገዙት ቤት ራሱ የዝውውር ኩባንያ የያዘው የሆነ እንደ ሆነስ? ይህ ዝውውር የሌለበትን ገዢ ሁሉ ይመለከታል። ሻጩ በቤቱ ውስጥ አንድ ሌሊት አላደረም፤ ጣራው በክረምት ያፈስስ እንደ ሆነ፥ ምድር ቤቱ ውሃ ይገባው እንደ ሆነ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ከመደበኛው ውል በላይ ረጅም ተጨማሪ ወረቀት ያስፈርማል፤ ዋና ቃሉም «ቤቱን እንዳለ ገዝቻለሁ» የሚል ነው። የቀድሞው ባለ ቤት የጻፈውን መግለጫና ኩባንያው ያስደረገውን ምርመራ ይሰጥዎታል፤ ይህ ጥሩ ነው፥ ብዙ ሻጭ ይህን ያህል አይሰጥም። ያ ምርመራ የተደረገው ግን ለኩባንያው ነው። የራስዎን መርማሪ በራስዎ ገንዘብ ያምጡ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ስለ እርሳስ ቀለም የታወቀውን ሁሉ እንዲነግርዎትና ለማስመርመር 10 ቀን እንዲሰጥዎት የፌዴራሉ ሕግ ሻጩን ያስገድደዋል፤ ሻጩ ኩባንያ መሆኑ ከዚህ አያድነውም።

ዋጋ ሲከራከሩም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ያለው በሌላ ከተማ ነው፤ ማታ የሰጡት ዋጋ ጠዋት መልስ ላያገኝ ይችላል፤ ፊርማውም ቀናት ይወስዳል። የኪራይ ቤትዎን የመልቀቂያ ቀን ከመጨረሻው ፊርማ ቀን ጋራ አንድ አያድርጉት፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት በመካከሉ ይተዉ።