ነጠላው ታየ፤ ፊቱስ? የኮምፓክት ካሜራን ጥራትና ፍጥነት በምን እንመዝን

የምረቃ ወራት በተቃረበ ቁጥር ተማሪዎች ወደ ቢሯችን ብቅ እያሉ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። «ባለ 12 ሜጋፒክሰሉን ካሜራ እንግዛ ወይስ ባለ 16ቱን?» ይሉናል። የእጅ ስልክ ከገበያ ሊያስወጣቸው ጥቂት ቀርቶት የነበሩት፣ ኮምፓክት የሚባሉት የኪስ ዲጂታል ካሜራዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወጣቶች ዘንድ እንደገና መወደድ በመጀመራቸው ጥያቄው ገና አላረጀም። እኛ ግን ጥያቄው ከመነሻው የተንጋደደ ነው እንላለን። ለምን እንዲህ እንደምንል ለማስረዳት አንባቢን ወደ ዘመሮ ወሰድ ማድረግ ይኖርብናል።

ዘመሮ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ የውጭ አገር ትምህርታችንን ጨርሰን በተመለስን በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያው አቅንተን ነበር። በኪሳችን ከተማሪነት አበላችን ቆጥበን የገዛናት ባለ 10 ሜጋፒክሰል ካሜራ ነበረች። የውጭ መጽሔቶች በምስል ጥራትም ሆነ በፍጥነት ከፍተኛ ነጥብ ሰጥተዋት ስለነበር ሙሉ እምነት ጥለንባታል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ከደጃፋቸው ቆሙና «ልጄ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አንሣኝ፤ ነገ ብሞት ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ እንኳ የለኝም» አሉን። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ በሰማዩ ላይ አንዳችም ደመና የለም። አነሣናቸው። አዲስ አበባ አሳጥበን ለጥምቀት ይዘንላቸው በተመለስን ጊዜ እማማ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዘንብለው ትኩር ብለው ካዩት በኋላ «ነጠላዬስ ይኸው፤ እኔ ግን የታለሁ?» ሲሉ ጠየቁን። እውነትም ነጠላው ከነጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፊታቸው ግን የከሰል ያህል ጠቁሯል።

ካሜራዋ አልተበላሸችም ነበር። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ነጠላ ይሁን ፊት፣ በረዶ ይሁን ከሰል አያውቅም። የሚያየው ትዕይንት በአማካይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚያንጸባርቅ ገምቶ ይሠራል። ምስሉን በአብዛኛው ነጭ ጨርቅ ሲሞላው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የአገሩ ብርሃን ይታከልበታል። የመንዝ ደጋ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተንጣለለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ብርሃን የሚበትነው ሞለኪውል ያንሳል፤ በመሆኑም ፀሐይ ያረፈበት ይበልጥ ይደምቃል፣ ጥላው ደግሞ ይበልጥ ይጨልማል። እማማ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ስለነበር ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የዚህች ዓይነት ካሜራ አንድ ፒክሰል የሚይዘው ኤሌክትሮን ጥቂት ሺህ ነው፤ 8000 ነው እንበል። ነጠላው ይህን ሙሉ በሙሉ ይሞላዋል። ፊታቸው ከነጠላው የሚያንጸባርቀው ብርሃን አንድ አሥረኛውን፣ ጥላው የሚቀበለውም ብርሃን እንዲሁ አንድ አሥረኛውን ቢሆን ለፊቱ የሚደርሰው 80 ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ብርሃን በፎቶን እየተቆጠረ የሚመጣ ስለሆነ የቆጠራው መዋዠቅ የቁጥሩ ካሬ ሥር ነው፤ የ80 ካሬ ሥር 9 ያህል ነው። እንግዲህ በነጠላው ላይ 1 በመቶ ብቻ የነበረው መዋዠቅ በፊታቸው ላይ 11 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። በኮምፒውተር እናበራዋለን ብንል እንኳ አብሮ የሚበራው ይኸው ጉድፍ ነው።

የውጭ መጽሔቶቹ ይህን ለምን አላዩትም? በዝግ ክፍል፣ በተመጠነ መብራት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመስመርና የቀለም ሰሌዳ አንሥተው ስለመዘኑ ነው። ሰሌዳው አይዋሽም፤ ነገር ግን የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ይህ የሰሌዳ ነገር ታሪክ አለው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ ለረጅም ዘመን የምትታየውም ነጭ ሴት ነበረች። የእርሷ ፊት ካማረ ምስሉ ትክክል ነው ይባል ነበር። ጥቁር፣ ነጭና እስያዊት ሴቶችን አጣምሮ የያዘ ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ጎግልም ጥቁር ፊት በትክክል እንዲታይ አሠራሩን አሻሽያለሁ ብሎ «ሪል ቶን» የሚል ስያሜ ያወጣው ከፒክስል 6 ስልኩ ጋር በ2021 ነው። ጥፋቱን በተንኮል ብቻ ማመካኘት አያስፈልግም፤ መለኪያው ሲሠራ እኛ በስፍራው አልነበርንም።

በሌላ ጉዞ እማማን ከቤታቸው ጥላ ሥር አቁመን፣ የካሜራዋን የብርሃን ማካካሻ በ1 ደረጃ ከፍ አድርገን፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ ጨምረን አነሣናቸው። ፊታቸው ከነፈገግታው ወጣ። ጥለቱ ግን በንጣት ተውጦ ጠፋ። እርሳቸው ስለ ጥለቱ አልጠየቁንም።

ወደ ሜጋፒክሰሉ እንመለስ። የብዙዎቹ ኮምፓክት ካሜራዎች ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ፣ ሴንሰሩ፣ 5.8 በ4.3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከጣት ጥፍር ያንሳል። 10 ሚሊዮን ፒክሰል ሲደረደርበት የእያንዳንዱ ጎን 1.6 ማይክሮ ሜትር፣ 16 ሚሊዮን ሲደረደርበት ደግሞ 1.25 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ብርሃን ሞገድ በመሆኑ ግን እንከን የሌለበት ሌንስ እንኳ አንዲትን ነጥብ ነጥብ አድርጎ አይሥላትም፤ ክብ አድርጎ ያሰፋታል። በኤፍ 2.8 ቀዳዳ የአረንጓዴ ብርሃን ክብ ስፋቱ 3.8 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ክብ ከሁለት ፒክሰል በላይ ይሸፍናል፤ በዙም ጫፍ ላይ ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ የባሰ ይሰፋል። ከ10 ወደ 16 ሜጋፒክሰል የከፈልንበት ገንዘብ በአመዛኙ ያንኑ ብዥታ በደቃቁ ለመቁረጥ የወጣ ነው ማለት ነው። በየአልበሙ የምንለጥፈው 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ደግሞ ጥርት ብሎ ለመታተም የሚያስፈልገው 2 ሜጋፒክሰል ገደማ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የመንዝ ባና ይበቃል። ባና በእጅ ከተፈተለ የበግ ጠጕር የሚሸመን በመሆኑ ጥቁሩ ባና ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ክሩ፣ ጠጕሩና ሽክርክሪቱ ሁሉ የተለያየ ጥቁረት አለው። መጥፎ ካሜራ በጨለማው ላይ የሚታየውን ጉድፍ ለማጥፋት ሲል ጠጕሩንም አብሮ ይጠርገዋል፤ ባናው ሬንጅ የተቀባ ይመስላል። እኛ ከማንኛውም የመስመር ሰሌዳ ይልቅ ይህን ፈተና እናምነዋለን። ባናውን ከነጠላ ጎን ሰቅሎ፣ ከመካከላቸው ሰው አቁሞ፣ በፀሐይም በጥላም ማንሣት ነው።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። በዚያው ጉዞ ዘመሮ አካባቢ አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ አግኝተናቸው ነበር። ገበሬው በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው ገለባው በነፋስ ሲሄድ፣ ፍሬው ሲመለስ የሚታየው ትዕይንት እጅግ ያምራል። ቁልፉን ደጋግመን ተጫንን፤ ያተረፍነው ባዶ ላይዳና መሬት ላይ ያረፈ ገብስ ነው። ከ2 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ፍሬ መሬት የሚደርሰው በ0.64 ሰከንድ ሲሆን፣ የእኛዋ ካሜራ ግን ሌንሷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰች ፎከስ ስትፈልግ ከዚያ በላይ ታቆየናለች። ስቲቨን ሳሰን በ1975 በኮዳክ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንዲት ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት እንደነበር ስናስታውስ ግን ቁጣችን ትንሽ ይበርዳል።

ይህን መዘግየት ተማሪ ራሱ ሊለካው ይችላል። የሩጫ ሰዓት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይክፈትና ቁጥሩ 5.00 ላይ ሲደርስ ቁልፉን ይጫን፤ ፎቶው የሚያሳየው ቁጥር ከ5.00 የሚበልጠው የካሜራውና የጣቱ መዘግየት ድምር ነው። አሥር ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን ይያዝ። ቀጥሎ ቁልፉን በግማሽ ተጭኖ ፎከሱን አስቀድሞ ካስያዘ በኋላ ያንኑ ይድገም። ሁለቱ አማካዮች ሲቀናነሱ የጣቱ መዘግየት ይጣፋል፤ የሚቀረው ፎከሱ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ከዚያም ማታ በአንዲት አምፖል ብርሃን መድገም ይገባል፤ በቀን ቀልጣፋ የነበረው ካሜራ በጭስ በጠቆረ ቤት ውስጥ ሲደናበር የሚታየው ያን ጊዜ ነው። አውድማ ላይ ለቆመ ሰውም መፍትሔው ይኸው በግማሽ መጫን ነው፤ ላይዳው ከመነሣቱ በፊት።

ከተማሪዎቻችን አንዱ ይህን ምክር ሰምቶ ነጠላና ባና በፌስታል ይዞ፣ ጓደኛውን አስከትሎ ወደ ሱቅ ሄዶ ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ራሱ ባናውን ይዞ ደጅ ቆመ። ተማሪያችን ባለ 16ቱን ትቶ፣ ሴንሰሩ ሰፋ ያለውን አሮጌ ባለ 8 ሜጋፒክሰል ገዝቶ ተመለሰ። የባትሪው ክዳን ስለላላ በፕላስተር አሥሮታል።