ማንበብና ማስተዋል፦ ስለ ልጆቻችን ትምህርት



ዛሬ ስለ ትምህርት ልንጽፍ ወደድን። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እናንተ ስለ ወንጌል ጻፉልን» ትሉ ይሆናል። እኛም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ስናስብ ኖረናል። ሐሳባችንን ያስለወጠን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ነው። ሰውዬው ባለሥልጣን ነው። መጽሐፍ አለው፤ ማንበብም ይችላል። በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስበት የጠየቀው ግን ማንበብ መቻሉን አይደለም፤ ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ነው። ጃንደረባውም አላፈረም፤ የሚያስረዳው ሰው እንደሚያስፈልገው በግልጽ ተናገረ፤ ፊልጶስንም አጠገቡ አስቀመጠው።

ያ ጥያቄ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ከቀረበ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመን ልጆቻችንን ያንኑ ብንጠይቃቸው መልሱ ምን ይሆን?

ውጤቱ የነገረን

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከተፈታኞቹ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። በ2015ቱ ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከፍ ማለቱ መልካም ነው። ሆኖም ከመቶ ልጆች ዘጠናው 12 ዓመት ተምረው ግማሹን መመለስ ካልቻሉ ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ብቻ ማላከክ አንችልም።

ችግሩ የተጀመረውም 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች በየዓመቱ ክፍል ቢያልፉ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ዓ.ም. ነው። ፊደል ሳይለዩ ሦስተኛ ክፍል የገቡ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ደርሰው ፊዚክስ በእንግሊዝኛ እንዲገባቸው እንጠብቃለን። መሠረቱ ያልጸና ቤት ምን እንደሚሆን ጌታችን በማቴዎስ 7 ነግሮናል።

ባለፉት 30 ዓመታት ብዙ ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ከየቀበሌው ልጆች ወደ ክፍል ገብተዋል፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ግን ክፍል ውስጥ መቀመጥና መማር አንድ አይደሉም።

ጋይንት የሚያውቀው ነገር

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ያለውን አገር የምታውቁ፣ ጉናን ተሻግራችሁ ነፋስ መውጫ የደረሳችሁ፣ ወይም በእስቴ በኩል መካነ ኢየሱስን፣ በስማዳ ወገዳን፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያን ያያችሁ ሁሉ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። ዙር አባ በዝማሬና በመዋሥዕት ትምህርት የታወቀ ነው። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ደግሞ የድጓ ማስመስከሪያ ናት።

«ማስመስከሪያ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። አንድ ተማሪ ድጓን በየትኛውም አገር ቢማር፣ ስንት ዓመትም ቢደክምበት፣ ቤተ ልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ እስኪመሰከርለት ድረስ የተመሰከረለት የድጓ መምህር አይባልም ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ ቁራሽ እየለመነ ውሻ እየተከላከለ የተማረ ሰው እዚያ ሲቀርብ ያለውን ያወጣል፤ የሌለውን ከማንም ሊዋስ አይችልም። ከጎኑ የሚኮርጅለት የለም። ዛሬ «የትምህርት ጥራት» የምንለውን ነገር ጋይንት በስሙ ሳይጠራው ኖሮበታል።

እኛ ወንጌላውያን ከዚያ ቤት ጋር በብዙ ነገር እንለያያለን፤ ልዩነቱን አንደብቅም። ያ ትምህርት ሴቶች ልጆችን እምብዛም የማያስገባና ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ እንደነበርም እናውቃለን። ቢሆንም ከአባቶቻችን መልካሙን መማር አያሳፍርም። ያላወቀውን አውቃለሁ እንዳይል የሚያደርግ ሥርዓት ነበራቸው። እኛ ዛሬ ያጣነው እሱን ነው።

ከጋፋት የተረፈን ትምህርት

በዚያው በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሳሙኤል ጎባት የላካቸው የቅዱስ ክሪሾና የወንጌል መልእክተኞች የሠፈሩት እዚያ ነበር። የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለአገሬው ወጣቶችም ሙያቸውን ያስተምሩ ነበር። እነርሱ የመጡት የእግዚአብሔርን ቃል በአማርኛ ሊያዳርሱ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የፈለጉት መድፍ ነበር። በመጨረሻም ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውቀስ አይደለም ይህን ያነሣነው። አገራቸው ሙያ እንደጎደላት ከሌሎች ቀድመው የተረዱ መሪ ነበሩ። ግን ቶሎ የሚታየውን ፍሬ ፈለጉ፤ ፍሬውን የሚያፈራው ዛፍ ሥር እስኪሰድድ የሚጠብቅ ጊዜ አልነበራቸውም። እኛም ወላጆች እንዲሁ ነን። ልጃችን ምን እንደተማረ ሳይሆን ስንት እንዳመጣ እንጠይቃለን። ካርዱን እናያለን፤ ደብተሩን አንገልጥም።

በራሳችን ቤት ያለ ኃጢአት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት ይጀምራልና (1ኛ ጴጥሮስ 4፥17)።

ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ሄዳችሁ አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናው አስቀድሞ ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ፤ እንደ አዲስም ተሰጠ። በዚያ ዘመን ኩረጃ ነውር መሆኑ ቀርቶ መረዳዳት ተብሎ ነበር። እኛ በምናመልክበት ጉባኤ አንድ ወንድማችን በውጤቱ ደስ ብሎት ምስክርነት ሰጠ። ሁላችንም «ሃሌ ሉያ» ብለን አጨበጨብን። ከወራት በኋላ መልሱ በስልክ እንደደረሰው ለአንዳንዶቻችን በእንባ ነገረን። የከበደን የእርሱ ጥፋት ብቻ አልነበረም። ሲመሰክር ከመካከላችን አስቀድመው የጠረጠሩ ነበሩ፤ አንድም ሰው አልጠየቀውም። በተሰረቀ ነገር እግዚአብሔርን አመስግነን ወደየቤታችን ሄድን።

ሌላም አለ። ፈተና ሲቃረብ እስክሪብቶ ይዘው ለጸሎት የሚሰለፉ ልጆችን እናያለን። በጸሎት እናምናለን፤ ለተማሪዎች መጸለይም ይገባል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ያልተነበበውን መጽሐፍ እስክሪብቶ ላይ በሚጫን እጅ ለማካካስ መሞከር እምነት አይባልም። ዳንኤልና ጓደኞቹ የጸሎት ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተቀምጠው ተምረዋል (ዳንኤል 1)። እግዚአብሔር እውቀትን የሰጣቸው ትምህርቱን ሳይሸሹ ነው።

ያልተማረ ኅብረተሰብ የሚጎዳው በገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮርጃ የተመረቀችው ነርስ ነገ የልጃችንን መድኃኒት ትመጥናለች። ያነበበው የማይገባው ዳኛ የመበለቲቱን መሬት ይፈርዳል። አንብቦ የማይመረምር ምእመን ደግሞ ነቢይ ነኝ ያለውን ሁሉ ይከተላል። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት የሰሙት ነገር እንዲህ መሆኑን መጻሕፍትን በየዕለቱ ስለመረመሩ ነው (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)። መመርመር ግን መጀመሪያ ማንበብን፣ ከዚያም ማስተዋልን ይፈልጋል። በየቦታው ስለ ሐሰተኛ ትምህርት እናማርራለን፤ በር የከፈትንለት እኛው ሳንሆን አንቀርም።

በእሳት መካከል ያሉ ልጆች

ይህን ስንጽፍ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ልጆች ረስተን አይደለም። የእነርሱ ሸክም ከሌላው ይበዛል። መሬቱ ተሸርሽሯል፤ ዝናብ ሲቀር ቤተሰቡ በእርዳታ ይኖራል። ልጁ ከብት ይጠብቃል፤ ጎረምሳው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ይወርዳል፤ ልጅቷ ሳትጠነክር ትዳራለች። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በክልሉ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንዲህ ላለ ልጅ «ለምን አታጠናም?» ማለት ጭካኔ ነው።

ስለዚህ ማንም ይሁን ማን ትምህርት ቤትን የጦር ሜዳ እንዳያደርግ፣ መምህርን እንደ ጠላት እንዳይቆጥር በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን። አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ከትምህርት ሲርቅ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ከ15 ዓመት በኋላ በዚያ ወረዳ መምህር፣ ሐኪምና ሽማግሌ የሚሆነው እርሱ ነው።

ምን እናድርግ?

ትልቁን ሥራ መንግሥት ይሥራ፤ መጽሐፍ፣ ደመወዝና ሰላም የእርሱ ኃላፊነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥበት ምክንያት የለም። ማርቲን ሉተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1524 ለጀርመን ከተሞች አስተዳዳሪዎች ለወንድም ለሴትም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ጽፎላቸው ነበር። በአገራችንም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ጀምራ ብዙ ገበሬዎች ፊደል ቆጥረዋል። አዲስ ነገር አንጠይቅም፤ የቆየውን መልካም መንገድ ነው የምንጠይቀው።

መጀመሪያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን እያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ ያንብብ፤ ያነበበውንም በራሱ ቃል ይንገረን። ቃል በቃል ማስጠናቱ ብቻውን አይበቃም። በነህምያ 8፥8 ሌዋውያኑ አነበቡ፣ ትርጉሙን አስረዱ፣ ሕዝቡም አስተዋለ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ማንበብ ያቃተውን ልጅ ሳናሳፍር ከጎኑ አንድ ታላቅ እናስቀምጥለት።

ሁለተኛ፣ መምህራንን እናክብር። በጉባኤያችን ስንት መምህር እንዳለ እናውቃለን? ደመወዙ የዘገየበት፣ ከሚያስተምርበት ቀበሌ የተፈናቀለ፣ የቤት ኪራይ ያቃተው አለ። ለዘማሪና ለሰባኪ የምንሰጠውን ክብር ለአንደኛ ክፍል መምህርም እንስጥ።

ሦስተኛ፣ በኩረጃ የተገኘን ውጤት በመድረካችን አናመስግን። በእውነት ጥሮ የወደቀውን ልጅ ግን አቅፈን «በርታ፣ እንደገና ሞክር» እንበለው። በእግዚአብሔር ፊት 40 በእውነት ከ80 በስርቆት ይበልጣል።

አራተኛ፣ አዳራሾቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተዘግተው ይውላሉ። ወንበርና መብራት ያለበት ቤት ለንባብ ይከፈት። ይህንም ለራሳችን ልጆች ብቻ አናድርገው። በዚያ አገር እኛ ጥቂቶች ነን፤ አብዛኛው ጎረቤታችን ኦርቶዶክሳዊ ነው፤ ሙስሊምም አለ። የጎረቤታችን ልጅ ሲመጣ እምነቱን እንዲለውጥ ማጥመጃ አናድርገው። ፊደልን በፍቅር እናስተምር፤ ስለ ጌታችን ሲጠይቀን በቅንነት እንመልስ፤ ባይጠይቀንም ማስተማራችንን እንቀጥል። ጌታ ኢየሱስ አሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደሚሆን እያወቀ አልነበረምን?

ወገኖች ሆይ፣ ፊልጶስ ሠረገላውን ከሩቅ እያየ ሊጸልይለት ይችል ነበር። መንፈስ ቅዱስ ግን ቅረብ አለው፤ እርሱም ሮጠ፤ ወጥቶም አጠገቡ ተቀመጠ። በዚህ ሳምንት ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። መጽሐፉን ይክፈት፤ አንድ ገጽ ያንብብላችሁ፤ ከዚያም ምን እንደገባው ጠይቁት። መልስ ካጣ አትቆጡት። የእናንተ አገልግሎት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አባት ሆይ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በመላው አገራችንም ላሉ ልጆች ሰላምን ስጥ። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ክፈት። መምህራንን ጠብቅ። እኛንም ከሐሰት ምስክርነት አንጻን፤ ማስተዋልንም ስጠን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።