ጊዜ የሁሉ መሠረት ነውን?



በአሜሪካ የአላስካ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጉንተር ክሌቴችካ በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ አዲስ ሐሳብ አሳትመዋል። የፍጥረት መሠረት ጊዜ ነው፤ ጊዜም ሦስት አቅጣጫ አለው፤ ሕዋ ግን ከጊዜ የሚገኝ ነው ይላሉ። በሙከራ ገና አልተረጋገጠም። ይህን ሰምቶ «ታዲያ እግዚአብሔር የት ገባ?» ብሎ የሚጨነቅ ወጣት ይኖራል። «ሦስት» የሚለውን ቃል ይዞ ለሥላሴ ማስረጃ ሊያደርገው የሚቸኩልም አይጠፋም።

ለእኔ ፍርሃቱም ችኮላው ም አያስፈልግም። ነገ ሊሻር በሚችል ሐሳብ ላይ እምነት አይገነባም። ጊዜ ከፍጥረት ሁሉ ቢቀድም እንኳ እርሱም ፍጥረት ነው። አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ጊዜ ከዓለም ጋር አብሮ እንደተፈጠረ አስተምሯል።

እኛ ሰሜን ወሎዎች ይህን በኑሮ እናውቀዋለን። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ሳለ፣ እስከ መርሳና ሀብሩ ድረስ ስልክና መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጇን ለምትጠብቅ እናት ቀኑ አልመሽ፣ ሌሊቱም አልነጋ አላት። «ጊዜ ይፈታዋል» አልን። ጊዜ ግን ጆሮ የለውም፤ የእናትን ለቅሶ አይሰማም። የሚሰማው የጊዜ ጌታ ነው። ልጇ የተመለሰላትም ያልተመለሰላትም ያለቀሰችው ወደ እርሱ ነው። ዳዊት በመዝሙር 31 ዘመኑን በእግዚአብሔር እጅ የተወው ለዚህ ነው።

ፊዚክስ የምትማሩ ልጆቻችን፣ በርቱና መርምሩ፤ ጥያቄያችሁንም አትደብቁ። ዘመናችሁን ግን ለሚሰማው አምላክ አደራ ስጡ።

ጌታ ይባርካችሁ።