«ፎርማት» ከማለታችን በፊት

በእኛ ዲፓርትመንት ኮምፒውተር ትንሽ ካስቸገረ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ፎርማት አርገው!»

ክረምት ላይ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ ቤተሰብ ጋ ሆኜ ኡቡንቱዬን በሞባይል ዳታ አፕዴት ማድረግ ጀመርኩ። መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ ባትሪው የሞተው ላፕቶፔም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ግን አንድም ፕሮግራም አልጭን አለ። ጓደኛዬን ብደውልለት ያችኑ መድኃኒት አዘዘልኝ። እሺ ብዬ ቢሆን መመረቂያ ፕሮጀክቴ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ሌላ ኮፒ አልነበረኝም።

ደግነቱ የስሕተቱን መልእክት አነበብኩት። ዲፒኬጂ መቋረጡን ገልጾ መፍትሔውንም ራሱ ጽፎታል፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡቡንቱ ከዴቢያን የወረሰው ዲፒኬጂ መጀመሪያ ጥቅሉን ይፈታል፤ ቀጥሎ ያዋቅረዋል፤ የት እንደደረሰም ይመዘግባል። ስለዚህ ከቆመበት መቀጠል ይችላል። የወረዱት ጥቅሎች ዲስኩ ላይ ስላሉ እንደገና ዳታ አይበሉም። የጎደለ ካለ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ያሟላዋል። ብዙዎቻችን የለመድነው የሎክ ፋይል መሰረዝ ግን ሌላ ጭነት እየሄደ ከሆነ ነገሩን ያብሰዋል።

በእኔ አስተያየት ላብ ውስጥ መጫን ብቻ ሳይሆን ተበላሽቶ መጠገንም ልንማር ይገባል። መምህራን ሆን ብለው አቋርጠው ይስጡን። ነገ የምንሠራው መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፎርማት የምናደርገው የራሳችንን ሳይሆን የሰው መዝገብ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እስኪ መጀመሪያ እናንብብ!