ዘበኛውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ

ሰሞኑን ወልቂጤ ላይ የተለጠፈ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አንብቤ ደሜ ፈላ። «ደመወዝ፦ በስምምነት። ተያዥ ማቅረብ የምትችል።» «በስምምነት» ከምትለዋ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም አልታረቅንም። ስንት እንደሚከፍል ለመናገር የማይደፍር ቀጣሪ፣ የአመልካቿን ዋስ፣ የዲግሪዋን ኦሪጅናልና የቀድሞ አለቃዋን ደብዳቤ ግን አምጪ ይላል። እሱ ስለ እሷ ሁሉን ያጣራል፤ እሷ ስለ እሱ የምታውቀው ማኅተሙን ብቻ ነው።

አንዲት የቡታጅራ ልጅ አዲስ አበባ ካሸር ሆና ገባች። «ጋሼ፣ ፈተናው ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነበር» አለችኝ። በወሩ ከሒሳብ ጎደለ የተባለው ከደመወዟ ተቆረጠ፤ መውጫ ሰዓቷም እየመሸ ሄደ። ልልቀቅ እንዳትል አክስቷ ተያዥ ሆነው ፈርመውላታል። ከእሷ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ለምን እንደወጡ አንድ በአንድ የነገራት የበሩ ዘበኛ ነው። ያውም ከፈረመች በኋላ።

አባቶቻችን አስቀድሞ መጠየቅን ያውቁበት ነበር። ለመስቀል ከመርካቶ አገር ቤት የሚገባ ሰው ለክትፎው ብቻ አይመጣም። የትኛው ነጋዴ ልጅ አሠልጥኖ ለወግ ለማዕረግ እንደሚያበቃ፣ የትኛው ጉልበት በልቶ እንደሚያባርር እሳት ዳር ይወራል፤ ወጣቱም ማን ዘንድ እንደሚሄድ በዚያ ወሬ ይቆርጣል። ነገር ግን ወሬው የሚደርሰው መርካቶ ዘመድ ላለው፣ ያውም ለወንዱ ነው። ከሩቅ አገር መጥታ ጉብሬ ከሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ ማንን ትጠይቅ? ቀድመዋት የተመረቁትን ነበር። እነሱ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንከለከላለን ብለው ይፈራሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያንን ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ መሀል ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ሙከራው ለቀጣሪው ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም፤ ተቀጣሪውም ቤቱን ይሞክራል።

«ሥራ በጠፋበት ዘመን ማን መርጦ ይገባል?» የሚሉኝ አሉ። አልቀበላቸውም። ለትራንስፖርትና ለቤት ኪራይ ተበድሮ የሚሄድ ልጅ ነው ከማንም በላይ መጠየቅ ያለበት፤ በወሩ ቢመለስ ዕዳው ይጠብቀዋል።

መስቀል እየደረሰ ነው። አገር ቤት የምትገቡ ወገኖቼ፣ ሥራ የምትፈልግ የጎረቤት ልጅ ካለች፣ ዘመዳችሁ ባትሆንም ጠርታችሁ አነጋግሯት። የምትሠሩበት ቤት ስንት እንደሚከፍል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያስወጣ፣ ሰው ለምን እንደሚለቅ ሳትሸፍኑ ንገሯት።